ሁለት ዙር በክቡ ገንዳ

ሥራ አስኪያጁ «አንድ አገር ብቻ ቀድማችሁ ኑ» ሲል እየቀለደ አልነበረም። ቀልድ በእሱ በኩል አልፎ አያውቅም። የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከብብቱ የማትለይ አረንጓዴ ማኅደር አለችው፤ በዚያች ማኅደር ውስጥ የክቡ ገንዳ የኮንክሪት ክዳን ንድፍ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ገንዳው የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ነው፤ ከተሠራ ጀምሮ አፉን ለሰማይ ከፍቶ ኖሯል። ክዳን ከተገጠመለት ለዓለም አቀፉ የቀዘፋ ውድድር የሚሄዱት አራቱ ሴቶች ካያክ የሚባለውን ረጅም ጠባብ ጀልባቸውን የሚያሳርፉበት ሌላ ውሃ የላቸውም። የከተማው ወንዝ ቁርጭምጭሚት አያረጥብም፤ ሐይቅ ደግሞ ከካርታ ላይ ካልሆነ አይገኝም።

«የትኛዋን አገር?» አለች የገንዳው ጠባቂ።

«የትኛዋም ትሁን። ትንሽም ብትሆን ግድ የለኝም። ከእናንተ ኋላ የገባች አንዲት አገር አምጡልኝና ክዳኑ ይቀራል። ካላመጣችሁ በተመለሳችሁ ማግሥት ሥራው ይጀመራል።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ቢሮ ትገቢያለሽ። ወንበር አለ፣ ጠረጴዛ አለ። ምን ይጎድልሻል?»

ጠባቂዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድላት አለ። ገንዳውን መጠበቅ የጀመረችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሁን ሠላሳ ስምንት ሞልቷታል። ከገንዳው ጥግ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ሥራዋ በየሩብ ሰዓቱ ከብረት መሰላሉ አጠገብ የቆመውን መለኪያ እያነበቡ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ይሄም ሥራ ሆኖ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። እሷ ግን ከተማውን የምታውቀው በዚያ ቁጥር ነው። ጠዋት ሰው ሁሉ ፊቱን ሲታጠብ ውሃው ዝቅ ይላል፤ ቅዳሜ የልብስ ቀን ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እንደ ጉድ ይወርዳል። ትልቅ የኳስ ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ደግሞ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቧንቧ የሚከፍት ሰው ይጠፋል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ባወጣው መመሪያ ላይ ይህንኑ ጽፎታል፦ ቁጥሩ በቀን ብርሃን ከቆመ ወይ መለኪያው ተበላሽቷል፣ ወይ ሕዝቡ አንድ ነገር እያየ ነው። መመሪያው ስድሳ ገጽ ነው፤ ሰው የጻፈው የሚመስለው ይህ አንድ መስመር ብቻ ነው።

ካያኩን ማን እንደላከው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከቧንቧዎች ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ መጣ፤ ርዝመቱ አሥራ አንድ ሜትር ስለሆነ ንብረት ክፍሉ «ቧንቧ፣ አራት ቀዳዳ ያለው» ብሎ መዘገበው። ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ምን ይሠራል? ብልሹ ተብሎ ሊወገድ ሲል ጠባቂዋ ለምና ወሰደችው። በመጀመሪያው ቀዳዳ እሷ ገባች፤ ከእግሯ ሥር ጀልባውን የሚያዞረው መሪ አለ። በሁለተኛው ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቷ ተቀመጠች፤ ካልጠሯት የምትመጣ፣ ከመጣች የማትሄድ ሴት ናት። በሦስተኛው አንዲት የሰፈር ልብስ ሰፊ፣ በአራተኛው አንዲት ትራፊክ ፖሊስ ገቡ። አሠልጣኛቸው ጡረታ የወጡ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። ስለ ካያክ የሚያውቁት ነገር ባይኖርም ስለ መንዳት የማያውቁት የለም፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆመው «መስታወት! መስታወት እያያችሁ!» ሲሉ መስታወት ባይኖርም አራቱም ዞር ይላሉ።

ውሃው የሚጠጣ ስለሆነ አቀዛዘፋቸው እንደ ማንም አይደለም። ከመግባታቸው በፊት እግራቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ፀጉር እንዳይረግፍ ልብስ ሰፊዋ የሰፋችውን ቆብ ያጠልቃሉ፤ ላብ እንዳይንጠባጠብ እጅጌያቸው በላስቲክ ተጠብቋል። መትፋት የለም፣ ማስነጠስ የለም፣ ውሃ ማፈናጠቅማ ጭራሽ የለም፤ ከሥር ያለው ደለል ከተነሳ ከተማው ሁሉ ድፍርስ ጠጣሁ ብሎ ስልክ ይደውላል። ስለዚህ መቅዘፊያቸው ውሃው ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ድምፅ የለውም። በጎን የሚያልፍ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን መኖራቸውን አያውቅም።

ገንዳውን አንዴ መዞር ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ነው። ውድድሩ አምስት መቶ ሜትር ስለሆነ ሁለት ዙር ማለት ነው፤ የብረት መሰላሉን ሁለቴ ሲያልፉ ያቆማሉ። የሚዞሩት ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ «አደባባይ ላይ የሚዞረው በዚህ ነው» ብለው በጣታቸው አሳዩ፤ ትራፊክ ፖሊሷም ትክክል ነው ብላ አጸናች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ በሌላው በኩል እንዙር ያለ የለም። ቢልስ ማን ሊፈቅድለት ነው? በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳት ያስቀጣል፤ ቀጪዋ ደግሞ እዚያው አራተኛው መቀመጫ ላይ ናት። እንዲህ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ዞሩ።

ለዓለም አቀፉ ውድድር ሊሄዱ ሲሉ ጠባቂዋ መዝገቡንና እርሳሱን ለእናቷ አስረከበች።

«በየሩብ ሰዓቱ ነው፣ እማዬ። ምንም ቢመጣ ዓይንሽን ከመለኪያው እንዳትነቅይ። ቁጥር ከጎደለ ይሄ ሰውዬ ምክንያት አገኘሁ ብሎ ነገ ሲሚንቶ ይደፋል።»

«ዓይኔ እንደሆነ ደህና ነው፤ ጉልበቴ ነው እንጂ እምቢ ያለኝ» አለች እናትየዋ። «ቅዳሜ ግን ጎረቤት ወርጄ በቴሌቪዥን አያችኋለሁ። ስትለማመዱማ በየቀኑ አይቻችኋለሁ። ሰው ፊት ስትወዳደሩ አንድ ቀን ልያችሁ።»

«እይን እንግዲህ» አለች ጠባቂዋ፤ አፏ እሺ ይበል እንጂ ልቧ መዝገቡ ላይ ነበር።

የውድድሩ ቦታ ሲደርሱ አራቱም በዓይናቸው ግድግዳ ፈለጉ። ውሃው ቀጥ ብሎ ተቆፍሯል። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በቢጫ ኳሶች ዘጠኝ መስመር ተለይቶለታል። ጫፉ ሩቅ ነው፤ እዚያ የቆሙት ሰዎች ጥፍር አክለው ይታያሉ።

«ግድግዳውስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ግድግዳ የለውም» አለች እህትየዋ።

«ታዲያ መሰላሉን ሁለቴ የምናልፈው በየት በኩል ነው?»

ሥራ አስኪያጁ የልዑካን ቡድን መሪ ሆኖ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ አብሯቸው መጥቷል፤ ማኅደሯም ከብብቱ ሥር ናት። ጋሼ ግን አልደነገጡም። «ቀጥተኛ መንገድ ማለት በሁለት አደባባይ መሃል ያለው ነው፤ ምን ያስፈራል?» አሉና መሰስ ብለው እንዲነሱ አዘዙ።

ተነሡ። ደህና ቀዘፉ፤ ትንፋሻቸው አንድ ነበር። ጠባቂዋ ከፊት ሆና ቢጫዎቹን ኳሶች በቀኟ ስታያቸው ቆየች፤ ከዚያ ከኋላዋ ሆኑ፤ ከዚያ በግራዋ መጡ፤ ከዚያ የተነሡበት መድረክ ቀስ ብሎ ከፊት ለፊቷ ቀረበ። መድረኩ ላይ ውድድሩን የሚያስጀምሩት ሽማግሌ ቆመዋል፤ ነጭ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ከአንገታቸው ሰዓት ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብለው በትሕትና ጠየቋቸው።

«ምን ረስታችሁ ነው?»

«ምንም አልረሳንም» አለች ጠባቂዋ፤ ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። እንደገና ተነሡ። እንደገና ተመለሱ። በሦስተኛው ሽማግሌው ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ።

ከዚያ ጉድ ፈላ። እያንዳንዷ ቀጥ ብላ የምትቀዝፈው እሷ ብቻ እንደሆነች፣ ጠማማዎቹ ሦስቱ እንደሆኑ በእግዜር ስም ማለች። ጋሼ ነገሩን በፈተና እንፍታው ብለው ከሌላ ቡድን ለአንድ ሰው የሚሆን ካያክ ተዋሱና አንድ በአንድ አስገቧቸው። ጠባቂዋ ክብ ሠርታ መጣች። እህትየዋ «ወዲያ በይ፣ እኔ ላሳይሽ» ብላ ገብታ ክብ ሠርታ መጣች። ልብስ ሰፊዋም ክብ፣ ትራፊክ ፖሊሷም እጇን አውጥታ ምልክት እያሳየች ክብ። ሽማግሌው መለካት የሚወዱ ሰው ናቸውና በገመድ ለኩት፤ የአራቱም ክብ ከዳር እስከ ዳር ሰማንያ ሜትር ሆነ። የገንዳው ልክ ማለት ነው፤ አንዲት ክንድ እንኳ አልተዛነፈም።

«አካላችሁ ውስጥ ገብቷል» አሉ ሽማግሌው፤ በኀዘን ይሁን በአድናቆት አልታወቀም።

ለውድድሩ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ «ወደ ቀኝ አስቡ» አሉ፤ አራቱም ግንባራቸውን ቋጥረው ወደ ቀኝ እያሰቡ ወደ ግራ ዞሩ። በሁለተኛው ቀን እህትየዋ የሙያዋን አደረገች። አሥራ አንድ ዓመት የቀኝ እጃችን በርትቷል፣ እናድክመው ብላ የሁሉንም ቀኝ ክንድ በፋሻ ጠቀለለችው፤ ጀልባው ያንኑ ክብ ዞረ፤ ዘገየ እንጂ አልተለወጠም። በሦስተኛው ቀን የሌሎቹ አገሮች አሠልጣኞች ተሰብስበው አቤት አሉ። እነዚህ ሴቶች መሃል ላይ ከተሰለፉ በመንገዳቸው ያለውን ሁሉ ያጭዱታል፣ ዳር ይሰለፉልን አሉ። ሽማግሌው አቤቱታውን ተቀብለው በግራ ጫፍ ባለው በአንደኛው መስመር አደረጓቸው። ከዚያ መስመር በስተግራ ቡድኖች ሰውነታቸውን የሚያሟሙቁበት ሰፊ ባዶ ውሃ አለ፤ ወደዚያ ቢወጡ የሚጎዳ ሰው የለም።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ማኅደሯን ከፍቶ ንድፉን አየና መልሶ ዘጋት። «ከመስመር የወጣ ይሰረዛል» አለ፤ ደንቡን ሁለት ጊዜ አንብቦታል። ጠባቂዋ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቢጫዎቹን ኳሶች እያየች ብቻዋን ተቀመጠች። ስለ ሜዳልያ አልነበረም ያሰበችው። ከተማው ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ እሷ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ሳታውቅ ሊያልፍ ነው፤ ያ ነበር አንጀቷን የበላት።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ጀልባ ተሰለፈ፤ ዘጠኝ አገር ማለት ነው። ጠባቂዋ ስምንቱን እያየች አንዷን መረጠች። የማንም ክፉ አልተመኘችም፤ ከስምንቱ አንዷ ብቻ ትንሽ ትድከምልኝ ብላ ለመነች።

ሽማግሌው ሰዓታቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ምልክቱን ሰጡ።

ስምንቱ ጀልባ ውሃውን እያረሰው ወጣ። ጠባቂዋ ቀኝ እግሯን መሪው ላይ ባላት ኃይል ጫነችው። ጀልባው ቀጥ ለማለት ታገለ፤ አፍንጫው ወደ ቀኝ፣ ጅራቱ ወደ ግራ፣ አራቱም ሴቶች በመሃል እየተንገዳገዱ ሃያ ሜትር ያህል ሄዱ። ሌሎቹ ርቀው የሚታየው ጀርባቸው ብቻ ነበር፤ የመረጠቻትም አገር ከእነሱ ጋር ሄዳለች። ግራው ኳስ የጀልባውን ጎን መታው። አለቀልን አለች በሆዷ፤ ገንዳው አለቀለት።

ጀልባ ውስጥ የማትናገረው እህቷ ከኋላዋ «ልቀቂው» አለቻት።

«ምኑን?»

«እግርሽን። ልቀቂው፣ እህቴ። ወዴት እንደምንሄድ አራታችንም እናውቃለን።»

ጠባቂዋ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አመነታች፤ ከዚያ እግሯን አነሣች። ጀልባው በሁለት ኳሶች መሃል ሾልኮ ወደ ባዶው ውሃ ወጣ፤ ሲወጣ የተፈታ ያህል ቀለለ። አሁን የሚታገላቸው አልነበረም። ግድግዳ በሌለበት ውሃ ላይ ጠባቂዋ ግድግዳውን ታየዋለች። እዚህ ጋ ቀለሙ የተላጠው ቦታ ነው፤ እዚህ ጋ የቧንቧው አፍ ነው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ጠበቅ ማለት ያስፈልጋል፣ መለኪያው እንዳይነካ። ሦስቱም ከኋላዋ ያንኑ እያዩ እንደሆነ ከመቅዘፊያቸው አወቀች። ስምንት ጀልባ በሩቁ ውሃ ሲያንቦራጭቅ እነሱ ድምፅ አልነበራቸውም። አንዲት ጠብታ አልተፈናጠቀችም፤ የሚጠጣ ውሃ ላይ ያደጉ ናቸዋ።

መጀመሪያ የሳቀ ሰው ነበር። ሁለተኛው ሩብ ክብ ላይ ሳቁ ቆመ። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ፊት ፊት የሚሄዱትን ሲከተል ቆይቶ ተመለሰና እነሱ ላይ ቀረ። መድረኩ ሥር አንደኛውን ዙር ሲያልፉ ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። ጠባቂዋ አላየቻቸውም፤ እሷ ያየችው የብረት መሰላሉን ነው። ሁለተኛውን ዙር በዚያው ውሃ ላይ፣ በዚያው ጎዳና ሄዱ፤ ያለፉበት እንኳ ገና አልተረበሸም። መሰላሉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አራቱም መቅዘፊያቸውን አንድ ላይ ወደ ላይ አነሡ። ሽማግሌው ሰዓታቸውን ተጫኑት።

ጠባቂዋ አለቀሰች። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ እንዲህ አምሮላቸው አያውቅም። ተሸንፈውም ቢሆን ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች።

በኋላ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከስማቸው ፊት ለፊት «አልደረሱም» ይላል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

«የት ነው ያልደረሱት? በሰላም ተነሥተው፣ ማንንም ሳይገጩ በሰላም ወደ ተነሡበት ተመልሰዋል። ሠላሳ ዓመት ስፈትን እንዲህ የነዳ አንድ ሰው አላየሁም።»

ሽማግሌው ደግሞ በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ፈርመው መጡ። በአንገታቸው ሰዓት ሁለቱ ዙር ሁለት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ ፈጅቷል፤ በገመድም ለክተውታል፣ ቢበልጥ እንጂ ከአምስት መቶ ሜትር አያንስም። ከስምንቱ የመጨረሻዋ አገር የገባችው በሁለት ደቂቃ ከዘጠኝ ነው። አራቱ ሴቶቿ እነዚህ ምን እያደረጉ ነው ብለው ወደ ኋላ እየዞሩ ሲያዩ መቅዘፊያቸው ተጋጭቶባቸው ነበር።

«አንድ አገር ብለውን ነበር» አለች ጠባቂዋ ወረቀቷን ለሥራ አስኪያጁ እየሰጠች። «ያቻት።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቷን አገላብጦ አየና መለሰላት። «ከአንገት የተንጠለጠለ ሰዓት ሰነድ አይደለም። ሰነዱ አልደረሱም ይላል። እኔ በሰነድ ነው የምሠራው።»

የመልሱ ጉዞ እንደ ለቅሶ ቤት ነበር። ከተማው ሲደርሱ ሥራ አስኪያጁ ቤቱ እንኳ ሳይገባ የመለኪያ ሜትሩን ይዞ በቀጥታ ወደ ገንዳው ወጣ፤ አምስቱም ሻንጣቸውን እንደያዙ ተከተሉት። እናትየዋ መሰላሉ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ መዝገቡ ጭኗ ላይ፣ እርሳሱ ጆሮዋ ላይ። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ተቀብሎ የጎደለ ቁጥር ይፈልግ ጀመር። የጎደለ አልነበረም። ቅዳሜ ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው? ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ከሩብ ቁጥሩ አንድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ? በልብስ ቀን? እንቅልፍ ወስዶዎት ነው እንዴ፣ እናቴ?»

«እኔን?» አለች እናትየዋ። «እኔ እንደሆንኩ አደራ ተቀብዬ አላንቀላፋም። የጻፍኩት ያየሁትን ነው። ቀጥ አለ፤ አንድ ጣት አልወረደም። ሩቡ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከተማው በሙሉ አንድ ላይ ቧንቧ የከፈተ ይመስል ቁልቁል ሄደ። እሱንም ጽፌዋለሁ፤ እዚያው ከሥሩ አለልህ።»

«ቅዳሜ ኳስ ነበረ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌሎቹ ዞሮ።

«ኳስ እሑድ ነው» አለች ትራፊክ ፖሊሷ። «ኳስ ያለ ቀን መንገዱ ባዶ ስለሚሆን ፕሮግራሙን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ቅዳሜ ምንም አልነበረም።»

ሥራ አስኪያጁ ማኅደሯን ለጋሼ አስያዘና በሙሉ ልብሱ መሰላሉን ወረደ። መለኪያውን ነቀነቀው፣ በጥፍሩ ፈቀፈቀው፣ በሜትሩ ለካው። መለኪያው ደህና ነው። ለማየት አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል እስከ ጉልበቱ ረጠበ። እዚያው እንደቆመ ስድሳ ገጽ ካለው መመሪያ ያችን አንዲት መስመር ለራሱ ሲያነበንባት ተሰማ። ወይ መለኪያው ተበላሽቷል፣ ወይ ሕዝቡ አንድ ነገር እያየ ነው።

ጠባቂዋ ነገሩ የገባት ቀስ ብሎ ነው። ያን ሁሉ ቧንቧ አሰበችው፣ ሳሙና የተመታውን ልብስ ሁሉ፣ በየቤቱ እጁን ሳይለቃለቅ የቆመውን ሰው ሁሉ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እሷ ነበረች ከተማውን የምታየው፤ ለሩብ ሰዓት እሱ እሷን አይቷታል። የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ክዳኑ ይቆይ» አለ ሥራ አስኪያጁ ከመሰላሉ ወጥቶ። ቆይቶ ደግሞ «ለጊዜው» አለ፤ ያለዚያ ሥራ አስኪያጅ አይባልም። ይህን ብሎ ጫማውን አውልቆ ሊያንጠፈጥፈው ጎንበስ አለ።

«ጫማዎን ወዲያ ያድርጉልን» አለች እህትየዋ። «ይሄ የሚጠጣ ውሃ ነው።»

እሱም ታዞ ወዲያ ሄደ። ያኔ ነው ጠባቂዋ እናቷን ቀና ብላ ያየቻት። በርጩማዋ ላይ እንዳለች ናት፤ ዓይኗ አሁንም መለኪያው ላይ ነው።

«እማዬ፣ ቅዳሜ ጎረቤት ወረድሽ?»

«እንዴት አድርጌ እወርዳለሁ? ዓይንሽን እንዳትነቅይ አላልሽኝም? መጡና ጠሩኝ፤ ኧረ ልጆችሽ ቴሌቪዥን ላይ ናቸው፣ ኧረ ነይ ብለው በር ላይ ቆመው ለመኑኝ። የውሃ አደራ አለብኝ አልኳቸው።» እርሳሱን ከጆሮዋ አውርዳ አየችውና መልሳ ሰካችው። «ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ አሉ። እስቲ ንገሩኝ፣ እንዴት ነበር?»

የከተማው ሰው ሁሉ ያየውን እናቷ ያላየችው ጠባቂዋ ባለችው ቃል ነው፤ ይህን አሁን በምን ቃል ትመልሰው? እህቷን አየቻት። እህቷ ሻንጣዋን አስቀምጣ ጫማዋን መፍታት ጀምራለች። ልብስ ሰፊዋ ቆቦቹን ታወጣለች። ትራፊክ ፖሊሷ ሳሙናውን ይዛ ተቀምጣለች።

እግራቸውን ታጠቡ፣ ቆባቸውን አጠለቁ፣ እጅጌያቸውን ጠበቅ አድርገው ያቺን አራት ቀዳዳ ያላትን ቧንቧ ገንዳው ላይ አሳረፉ። ጋሼ እንደ ሽማግሌው ቆመው እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ያን ውድድር አንድም ሳያጎድሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእናትየዋ ቀዘፉላት፤ ቀለሙ የተላጠውን ግድግዳ፣ የቧንቧውን አፍ፣ መለኪያውን አለፉ። ሥራ አስኪያጁ በባዶ እግሩ ጥግ ላይ ቆሞ ያያል። ቁና ቁና የሚተነፍስ የለም፣ ጠብታ የለም። መሰላሉን ሁለቴ አለፉና አራቱም መቅዘፊያቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ይሄማ» አለች እናትየዋ፣ «ሁልጊዜ የምታደርጉት ነው።»

«አዎ፣ እማዬ» አለች ጠባቂዋ ከጀልባው ላይ። «እዚያም ያደረግነው ይሄንኑ ነው።»

እናትየዋ ጥቂት አሰበችበት። በአንድ እጅ ማጨብጨብ አይቻልምና መዝገቡን ጭኗ ላይ ዘርግታ ለብቻዋ አጨበጨበች፤ ረጅም ጊዜ አጨበጨበች። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮዋ አወረደችና፣ ሩብ ሰዓቱ ሞልቶ ነበርና፣ ቁጥሩን አይታ ጻፈች።